ዋስህ ማን ነው?

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «ምርጫና የፖለቲካ ሰዎች» የሚል ነው። ስለ ፖለቲካ ሰዎች በዚህ አዳራሽ ብዙ ተብሏል። ስለ ፓርቲዎቻቸው፣ ስለ ፕሮግራማቸው፣ አልፎ ተርፎም ስለ ግል ጠባያቸው ስንከራከር ያነጋንበት ሌሊት ጥቂት አይደለም። እኔ ዛሬ የማነሣው ሌላኛውን ወገን፣ ይኸውም ካርዱን በእጁ ይዞ ከንጋት ጀምሮ የሚሰለፈውን ተራ መራጭ ነው። ይህ ሰው በምርጫ ወራት ወደ ደጁ የሚመጡትን ሰዎች በምን ዓይን ያያቸዋል? ምን ይጠብቅባቸዋል? ስለ ምንስ ዝም ይላቸዋል? በንግግሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአገራችን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውስ።

በመካከላችን ተደጋግሞ የሚሰማ አንድ ቃል አለ። ምርጫ ተደርጎ ውጤቱ እንደ ምኞታችን ሳይሆን ሲቀር «ሕዝቡ ገና አልነቃም» እንላለን። አንዳንዱ ይብስና «ድምፁን በዘይትና በስኳር ሸጠው» ይላል። ይህን ቃል እንደ አዲስ ግኝት የምንናገረው እኛ የተማርነው ነን። ቃሉ ግን የቆየ ነው። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት፣ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪችል ድረስ የምክር ቤቱን እንደራሴዎች መኳንንቱና ሹማምንቱ እንዲመርጡለት ደንግጎ ነበር። እንግዲህ ዛሬ «አልነቃም» ስንል፣ ሳናስበው የዚያን ጊዜ መኳንንት ጠበቆች ሆነን መገኘታችን ነው። ይህ ለአንድ የተማሪዎች ማኅበር የሚያኮራ ቦታ አይመስለኝም።

ለመሆኑ ሕዝባችን መምረጥ አያውቅምን? ዕድር ያለበትን ሰፈር ሁሉ ተመልከቱ። ዳኛው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ የሚመረጡት በአባላቱ ፊት ነው። ደብተሩ ይነበባል፤ ስንት እንደ ገባና ስንት እንደ ወጣ ይነገራል። ገንዘብ ጎድሎ የተገኘበት ሰው ይጠየቃል፣ ይሻራል፤ ሲሻርም ሰፈሩ አይታመስም፣ ሬሳም ሳይቀበር አያድርም። በዕቁብ ዘንድ ደግሞ ነገሩ የበለጠ ይጠብቃል። ዕጣ ቀድሞ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ተቀብሎ ከመሄዱ በፊት ዋስ ይጠራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቀድሞ የበላ ሰው ቀሪውን ሳምንት ሁሉ መክፈል አለበት፣ ባይከፍል ደግሞ ስለ እርሱ የሚጠየቅ ሰው ያስፈልጋል። ይህን ሥርዓት ጠብቀው ከዓመት ዓመት የሚያካሂዱት ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች ጭምር ናቸው። እኛ ስለ ተጠያቂነት መጽሐፍ አገላብጠን የምንጽፈውን እነርሱ በየሳምንቱ ይሠሩበታል።

የፖለቲካ ሰው በመራጩ ዓይን ዕጣው በመጀመሪያው ቀን የወጣለት ዕቁብተኛ ነው። ድምፁን ዛሬ ይወስዳል፤ ዕዳውን በአምስት ዓመት ውስጥ ይከፍላል ተብሎ ይጠበቃል። ስለዚህ መራጩ ዕጩውን ባየው ቁጥር በልቡ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ዋስህ ማን ነው?» ብዙ ጊዜ ይህን በአፉ አይናገረውም። ለምን እንደማይናገረው ወደ በኋላ እመለስበታለሁ። አስቀድሜ ግን ይህ ጥያቄ ከየት እንደ መጣ በአጭሩ ላስረዳ።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያው ምክር ቤት አባሎች በሕዝብ ድምፅ እንዲመረጡ ፈቀደ። በዚሁ መሠረት በመስከረም 1950 ዓ.ም. የመጀመሪያው ምርጫ ተደረገ። 210 እንደራሴዎች ተመረጡ፤ ከነዚህም መካከል ከአዲስ አበባ የተመረጡት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ነበሩ። ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ነገር ግን ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም፣ ዕጩ ለመሆንም በዚያው በሚወዳደሩበት ወረዳ ንብረት ያላቸው መሆን ያስፈልግ ነበር። ጭሰኛው ድምፁን ሊሰጥ ይችላል፤ የሚሰጠው ግን ንብረት ላለው ሰው፣ ምናልባትም ለገዛ ባለመሬቱ ነው። በእንደዚህ ያለ ምርጫ የዕጩው ዋስ መሬቱ ነበር። ለማን ዋስ እንደ ሆነ ግን መናገር አያስፈልግም።

ውጤቱም በተግባር ታየ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ ወደ ምክር ቤቱ ደጅ የሄዱት እንደራሴ ስላልነበረ አልነበረም፤ እንደራሴው የማን እንደ ሆነ ስለ ታወቀ ነበር። የባለመሬትንና የጭሰኛን ግንኙነት ለማሻሻል የቀረበው ሕግ ዘውዱ እስከ ወደቀበት እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ሳይጸድቅ ቀረ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር በታወጀ ጊዜ የጎጃም ገበሬ ለእንደራሴው አቤቱታ ከመጻፍ ይልቅ ጠመንጃውን አወረደ። የጎጃም ገበሬ ስለ ምክር ቤቱ የነበረውን አስተያየት ከዚህ የበለጠ የሚገልጽ ሰነድ አይገኝም።

ስለ ደርግ ዘመን ብዙ አልናገርም። በጥር 1979 ዓ.ም. ለሕገ መንግሥቱ ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፣ ከዚያም በሰኔ ወር 835 መቀመጫ ላለው ብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ ተካሄደ። ፓርቲው አንድ ነው፤ ዕጩው ከፓርቲው ፈቃድ የሚወጣ አልነበረም። መራጩ ሄደ፣ ምልክቱን አደረገ፣ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ከዚያ ዘመን የተረፈው ትምህርት ምርጫ ማለት ስም የሚመዘገብበት ቀን ነው፤ የቀረም ሰው ይታወቃል የሚል ነው። ይህ ትምህርት እስከ ዛሬ ከብዙ ሰው ልብ አልወጣም።

አሁን ወደ ቅርቡ ዘመን ልምጣ፤ የንግግሬም ፍሬ እዚህ ላይ ነው።

የምርጫ ወራት ሲደርስ በየገጠሩ መንገድ አቧራ ይነሣል። በመኪና ላይ የተጫነ ሞንታርቦ ከሩቅ ይሰማል። ካናቴራና ቆብ ይታደላል፤ ካናቴራው ከምርጫው በኋላ በእርሻ ላይ ሲለበስ ስለሚኖር ከተስፋው ሁሉ ረጅም ዕድሜ ያለው እርሱ ነው። ከከተማ የመጣው ዕጩ በሱፍ ልብሱ ላይ ጋቢ ይደርባል። ለቅሶ ቤት ገብቶ ይቀመጣል፤ ሟቹን ግን አያውቀውም። ከሕዝቡ ጋር በአንድ ትሪ ይበላል። ከዚያም ተነሥቶ ድልድይ፣ የንጹሕ ውሃ ቧንቧ፣ መብራትና ትምህርት ቤት ይዘረዝራል። ሕዝቡ ያዳምጠዋል፣ ያጨበጭብለታልም። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለውን ግን ወደ ቤቱ ሲመለስ ለጎረቤቱ ይናገራል።

ዕጩው የማያውቀው ነገር አለ፤ ይኸውም እርሱ ሲናገር እየተፈተነ መሆኑን ነው። ድልድይ እሠራበታለሁ ያለውን ወንዝ ስም በትክክል ጠርቶታል? ከመኪናው ሲወርድ ማንን ቀድሞ ሰላም አለ፣ ሽማግሌዎቹን ወይስ የወረዳውን ሹም? ባለፈው ጊዜ ተመርጦ የነበረ እንደ ሆነ፣ በመካከሉ ስንት ጊዜ ተመልሶ መጣ? የጤፍ ዋጋ ያውቃል? እነዚህ ለኛ ትንንሽ ነገሮች ይመስሉናል። ለመራጩ ግን የዋስ ምልክቶች ናቸው። ወንዙን የሚያውቅ ሰው ወንዙ ሰው ሲወስድ አይቷል ማለት ነው።

አንድ ጊዜ ለዕረፍት ወደ አገር ቤት በተመለስሁ ጊዜ ከአንድ ገበሬ ጋር ስለዚህ ነገር ተጫውቼ ነበር። እንዲህ አለኝ፤ «ልጄ፣ ሰውዬው ድልድይ እሠራላችኋለሁ አለን። እኔም አጨበጨብሁ። ለድልድዩ አልነበረም፤ አጠገቤ የቀበሌው ሰው ቆሞ ስለ ነበረ ነው።» «ታዲያ አባቴ፣ ለማን መረጡ?» አልሁት። ሣቀና «እሱንስ ለሚስቴም አልነገርሁ» አለኝ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ይህ ሰው አልነቃም የሚለኝ ማን ነው? ማጨብጨብና መምረጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለይቶ ያውቃል። የድምፁን ምሥጢርነት ከማናችንም በላይ ይጠብቃል። የሚፈራውንም ነገር በስሙ ጠርቶታል። የፈራው በንግግሩ ላይ የነበረውን እንግዳ ሳይሆን አጠገቡ የቆመውን ጎረቤቱን ነው።

ይህንን ለመረዳት የገበሬውን ዓመት ማየት ይበቃል። መሬቱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ገበሬው የመጠቀም መብት አለው፣ ለዚህም የይዞታ ደብተር ይዟል። የደብተሩ ጉዳይ በቀበሌና በወረዳ በኩል ያልፋል። ማዳበሪያ የሚያገኘው በኅብረት ሥራ ማኅበሩና በግብርና ጽሕፈት ቤቱ በኩል ነው፤ ዝናቡም የሚጠብቀው የለም። ድርቅ በሚያጠቃው ወረዳ የሚኖር ከሆነ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ስሙ መግባት አለመግባቱን የሚወስነው በዚያው በቀበሌው የሚቀመጥ ኮሚቴ ነው። ልጁ ከተማ ሄዶ ሥራ ለመያዝ የቀበሌ መታወቂያ ያስፈልገዋል። በከተማም ነገሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ የቀበሌ ቤት፣ የሸማቾች ማኅበር ስኳርና ዘይት፣ የኮንዶሚኒየም ምዝገባ፣ የንግድ ፈቃድ፣ ሁሉም በአንድ መስኮት ያልፋሉ። በመስኮቱ በስተኋላ የተቀመጠው ሰው በምርጫ ወራት የቅስቀሳው ኃላፊ ሆኖ ከተገኘ፣ መራጩ ምን ያድርግ?

እዚህ ላይ ነው የዕቁቡ ሥርዓት የተገለበጠው። ዋስ መጥራት የነበረበት ዕጣ የወሰደው ዕጩ ነው። በአገራችን ግን ዋስ የሚያስይዘው መራጩ ሆኗል፤ ያስያዘውም ማዳበሪያውን፣ ደብተሩንና የልጁን መታወቂያ ነው።

ከ2000 ዓ.ም. የቀበሌና የወረዳ ምርጫ በፊት የቀበሌ ምክር ቤት አባሎች ቁጥር እስከ 300 ከፍ እንዲል ተደረገ። በዚያ ምርጫ በአገሩ ሁሉ የተሞላው መቀመጫ ከ3 ሚሊዮን ተኩል በላይ ሲሆን፣ ከሞላ ጎደል ሁሉንም የወሰዱት ገዥው ፓርቲና አጋሮቹ ነበሩ። በወረቀት ላይ ሲታይ ይህ ሰፊ የሕዝብ ተሳትፎ ነው። በመንደሩ ሲታይ ግን ያልተመረጠና ያልተመዘገበ ሰው ጥቂት ሆነ፤ ጎረቤት ሁሉ የፓርቲ ዓይን ያለው መስሎ ታየ። በኋላም አንድ ለአምስት የተባለው አደረጃጀት መጣ። ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው የሰብዓዊ መብት ድርጅት በጥቅምት 2003 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፣ ማዳበሪያና የምግብ እርዳታ የተቃዋሚ ደጋፊ ናቸው ለተባሉ ሰዎች ይከለከል እንደ ነበረ ገለጸ፤ መንግሥትም ክሱን አልተቀበለውም። እኔ በዚህ ላይ አከራካሪውን ነገር ለመፍታት አልተነሣሁም። መራጩ ለመፍራት እያንዳንዱ ክስ እስኪረጋገጥ ድረስ አይጠብቅም። ማዳበሪያው ሊከለከል እንደሚችል ካወቀ ይበቃዋል።

ታዲያ ይህ መራጭ ሁልጊዜ ዝም ብሎ ኖሯልን? አልኖረም። የ1997ቱን ምርጫ እንመልከት።

በዚያ ዓመት የፓርቲዎች ክርክር በሬዲዮና በቴሌቪዥን ተላለፈ። ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የመንግሥት ሹም በፊቱ ሲጠየቅ፣ ሲመልስ፣ አንዳንድ ጊዜም መልስ ሲያጣ ሰማ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲባል ላደገ ሕዝብ ይህ ምን ያህል ነገር እንደ ነበረ ልንዘነጋው አይገባም። ሚያዝያ 29 ቀን የገዥው ፓርቲ፣ በማግሥቱ ሚያዝያ 30 ቀን የቅንጅት ደጋፊዎች መስቀል አደባባይን ሞሉት። ግንቦት 7 ቀን ሕዝቡ ከሌሊት ጀምሮ ተሰለፈ። አልነቃም የተባለው ሕዝብ እንቅልፉን ትቶ ቆመ። በአዲስ አበባ የነበሩትን 23 የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች ሁሉንም፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች ደግሞ 137ቱን ለቅንጅት ሰጠ። በአገር ደረጃ በምርጫ ቦርድ በታወጀው የመጨረሻ ውጤት ከ547ቱ መቀመጫ ኢሕአዴግ 327፣ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52 አገኙ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ደም ፈሰሰ። ጉዳዩን እንዲያጣራ የተቋቋመው ኮሚሽን የሞቱት ሲቪሎች 193 መሆናቸውን አረጋገጠ። የቅንጅት መሪዎች ታሰሩ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ወጣት ወደ ማጎሪያ ተጋዘ። ተሰናባቹ ምክር ቤት ከመሰናበቱ በፊት የስብሰባውን ደንብ ለወጠና፣ አጀንዳ ለማስያዝ ከግማሽ በላይ የሆነ ድምፅ እንዲያስፈልግ አደረገ። በዚህም ምክንያት «እንግባ» እና «አንግባ» የሚለው ክርክር በተቃዋሚዎች መካከል ተነሣ፤ ከተመረጡት ከፊሎቹ ገቡ፣ ከፊሎቹ ሳይገቡ ቀሩ። ሕዝቡ ለቅንጅት የሰጠውን የአዲስ አበባን አስተዳደር የተረከበው የለም፤ በ1998 ዓ.ም. ባለአደራ አስተዳደር ተሾመበት።

በአንድ የአዲስ አበባ ጉልት ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ የሚሸጡ እናት ስለዚያ ጊዜ ሲናገሩ ሰምቻለሁ። «እኔ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ወጥቼ የቆምሁት ለከተማዬ ነው። ያሰሩትም አልጠየቁኝ፣ አንገባም ያሉትም አልጠየቁኝ። ልጆቻችን ሞቱ፤ ጉልቴንም ያፈረሰው የቀድሞው ሰውዬ ነው።» ይህን ሲሉ ሁለቱን ወገኖች እኩል በደለኛ ማድረጋቸው አልነበረም። ማን እንደ ተኮሰና በማን ላይ እንደ ተተኮሰ ያውቃሉ። እስር ቤት የገቡትንም ያከብራሉ። ነገር ግን የዕቁብ ሒሳብ የሚያውቁ ሰው ናቸውና፣ ዕጣውን የሰጡት ለማን እንደ ነበረና ማን ሳይጠይቃቸው እንዳስቀረው ይጠይቃሉ።

እዚህ ላይ አንድ የሚከብድ ነገር ልናገር፣ ቅር እንዳትሰኙብኝ። በዚያ ወራት በውጭ አገር ያለው ወገናችን ዝም አላለም። ሰላማዊ ሰልፍ አደረገ፣ ገንዘብ አዋጣ፣ ለእስረኞች ጮኸ፤ ይህ ሁሉ የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ ከባሕር ማዶ ከፍ ብሎ የተሰማው ድምፅ «አትግቡ» የሚል ነበር። አትግቡ የሚለው ሐሳብ ትክክል ነበረ ወይስ ስሕተት፣ በዚህ ላይ በቅን ልብ የሚለያዩ ሰዎች እስከ ዛሬ አሉ። እኔ የማነሣው ሌላ ነገር ነው። ይህን ምክር የሰጠው ሰው በማግሥቱ ወደ ሥራው የሄደው በዋሽንግተን፣ በለንደን ወይም በፍራንክፈርት ነው። ምክሩ ያመጣውን መከራ የተቀበለው ግን የመርካቶ ልጅ ነው። እንግዲህ በጉልቷ ባለቤት ዓይን እኛም ዋስ ሳንጠራ ዕጣ የወሰድን ሰዎች ሆነን እንታያለን። የፖለቲካ ሰው ማለት ወንበር የያዘ ብቻ አይደለምና፤ በሰው ድምፅ ላይ ምክር የሚሰጥም ሰው የፖለቲካ ሰው ነው።

የተከታዮቹን ምርጫዎች ቁጥር ብቻ ልጥራ። በ2002 ዓ.ም. ከ547ቱ መቀመጫ 545ቱ በገዥው ፓርቲና በአጋሮቹ እጅ ገባ። በ2007 ዓ.ም. ሁሉም፣ 547ቱም። ኢሕአዴግ በ2012 ዓ.ም. ከስሞ ብልጽግና ከተተካ በኋላ፣ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ፣ በመጀመሪያ ውጤታቸው ከታወጀው 436 መቀመጫዎች ብልጽግና 410ን ወሰደ፤ በትግራይ በጦርነቱ ምክንያት ምርጫ አልነበረም። ምልክቱ ከንብ ወደ አምፖል ተለወጠ። የቀበሌው መስኮት ግን ባለበት ነው። በ2007 ዓ.ም. መቶ በመቶ ተመረጠ የተባለው መንግሥት ገና ዓመት ሳይሞላው በኦሮሚያ፣ ቀጥሎም በአማራ ሕዝቡ በየመንገዱ መውጣቱን ስናስታውስ፣ መራጩ በምርጫ ጣቢያው ያልተናገረውን ሌላ ቦታ እንደሚናገረው እናያለን። ማጨብጨብና መምረጥ ሁለት ነገሮች ናቸው ያለው ገበሬ፣ ዝምታና ስምምነትም ሁለት መሆናቸውን ሊጨምርልን ይችል ነበር።

«እንግዲያው በእንዲህ ያለ ሁኔታ ላይ ምርጫ መሄዱስ ምን ይጠቅማል? ሕዝቡ ካርዱን ቢጥለው አይሻልም ወይ?» የሚሉ ወንድሞች አሉን። ይህን ሐሳብ እዚህ ሞቅ ባለ አዳራሽ ውስጥ ሆኖ ማቅረብ ቀላል ነው። የመረጠ ሰው ጣቱ ላይ ቀለም እንደሚደረግበት አንርሳ። ቀለሙ የተሠራው አንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይመርጥ ነው፤ በመንደሩ ግን ቀለም የሌለው ጣት ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። ከዚህም በላይ ብዙው መራጭ ካርዱን መጣል አይፈልግም። የ1997ን ሰልፍ የሚያስታውስ ሰው ካርዱ ምን ማድረግ እንደሚችል አይቷል። የሚፈልገው ካርዱን ሳይፈራ የሚጠቀምበት ቀን ነው።

ለዚህም የሚያስፈልገው ነገር ሰማይ ጠቀስ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ ራሱ ለመራጩ አንድ ዋስ ሰጥቶታል። በኅዳር 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 እና በአንቀጽ 54፣ ሕዝቡ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ባጣ ጊዜ ከቦታው ሊያነሣው እንደሚችል ይናገራል። ስንቱ መራጭ ነው ይህን የሚያውቀው? ካናቴራ ሲያድል ከከረመው ዕጩ መካከል «ባልሠራ በዚህ አንቀጽ አንሡኝ» ብሎ የተናገረ ስንቱ ነው? ዕቁብተኛ ዋሱን በስሙ ይጠራል፤ እንደራሴውም ይህን አንቀጽ በቁጥሩ ጠርቶ ሊምልበት ይገባል። ነገር ግን አንቀጹ ብቻውን አይበቃም። እንደራሴውን ለማንሣት የሚፈርመው ሰው ፊርማውን ካኖረ በኋላ ማዳበሪያውን የሚቀበለው ከማን ነው? ጉዳዩ ተመልሶ ከመስኮቱ ላይ ይወድቃል። የቀበሌው ጸሐፊ፣ የግብርና ባለሙያውና የኅብረት ሥራው ኃላፊ ከማንኛውም ፓርቲ ቅስቀሳ በሕግ የተለዩ፣ ቢተላለፉም የሚቀጡ ካልሆኑ፣ በየአምስት ዓመቱ የሚመጣው የምርጫ ክርክር ምንም ያህል ቢያምር ለመራጩ ትርኢት ነው።

ይህን ስል መሬት ይሸጥ ወይም አይሸጥ ወደሚለው ክርክር መግባቴ አይደለም፤ ለዚያ ሌላ ቀን ይሰጠን። መሬቱ የመንግሥት ሆኖም ቢሆን፣ መንግሥትና ፓርቲ ሁለት ከሆኑ ገበሬው ይተነፍሳል። መሬቱ የግል ሆኖም ቢሆን፣ ባለመሬቱና ዕጩው አንድ ከሆኑ በ1950 ዓ.ም. ወደ ነበርንበት እንመለሳለን።

እኛስ? በ2013ቱ ምርጫ በውጭ አገር የተከፈተ የምርጫ ጣቢያ አልነበረም፤ ስለዚህ በዚህ አዳራሽ ያለነው ሰዎች መራጮች አይደለንም። የመራጮች ልጆች፣ ወንድሞችና እኅቶች ነን። የፖለቲካ ሰዎች ወደኛ የሚመጡት ለገንዘባችንና ለድምፃችን ከፍታ ነው። በየከተማው አዳራሽ ተከራይተን፣ እንጀራ አቅርበን እንቀበላቸዋለን፤ ስለ አገሪቱ ታሪክና ስለ ጠላቶቻቸው ይነግሩናል፣ እኛም እናጨበጭባለን። የኛ ጭብጨባ ከገበሬው ጭብጨባ የሚለየው አጠገባችን የቆመ የቀበሌ ሰው ሳይኖር ማጨብጨባችን ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን ለስብሰባው አቀርባለሁ። የመጀመሪያው፣ ማንኛውም ፓርቲ የማኅበራችንን ድጋፍ ሲጠይቅ፣ የቀበሌንና የማዳበሪያን ሥራ ከፓርቲ ለመለየት ምን እንደሚያደርግ በጽሑፍ እንዲመልስልን፣ መልሱም በመጽሔታችን እንዲታተም ነው። ዕጩው ተሸንፎ ሲቀር የት እንደሚኖር መጠየቅም አይከፋም። ሁለተኛው፣ መራጩን የሚመለከቱትን የሕገ መንግሥቱንና የምርጫ ሕጉን አንቀጾች በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛና በሌሎችም ለአባሎቻችን በሚቻሉ ቋንቋዎች፣ ለመንደር ሰው በሚገባ አነጋገር በአንድ ገጽ አሳጥረን እንድናወጣ ነው። በየቋንቋው የሚጽፍ ሰው በመካከላችን አለ፤ የጎደለን ጊዜ ሳይሆን ፈቃድ ነው።

ሦስተኛው፣ ለዕረፍት ወደ አገር ቤት የሚሄዱ አባሎቻችን የመራጩን ቃል ጽፈው እንዲያመጡ ነው። «ማንን ትደግፋለህ?» ብለው አይጠይቁ፤ ይህ ጥያቄ ሰውን ያስፈራል፣ ሐሰትም ያናግራል። «ለዕጩው ጥያቄ ማቅረብ ቢፈቀድልህ ምን ትለው ነበር?» ብለው ይጠይቁ። የሚናገረውን ሳያሳምሩ፣ የራሳቸውን ፍልስፍና ሳይቀላቅሉበት ይጻፉ። የተናጋሪው ስም፣ የመንደሩም ስም አይጻፍ። እያንዳንዱ እትም ሁለት ገጽ ለዚህ ቢለቅ፣ የኔን የመሰለ ንግግር በሚቀጥለው ስብሰባ ላያስፈልግ ይችላል።

ሐሳቦቹን ጽፌ ለማኅበሩ ጸሐፊ ሰጥቻለሁ። በሁለተኛው ሐሳብ ላይ የማተሚያው ወጪ ከየት እንደሚመጣ ገንዘብ ያዣችን ጥያቄ እንዳላቸው ቀደም ብለው ነግረውኛል፤ ከሻይ በኋላ ከዚያ እንጀምር።